ለካፒቴን ስታሽ ደብተር እስከ ሴንት ፖል

ወንድሜ አትሂጂ ብሎኝ ነበር። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምጽፈው፣ በኋላ ደበቀች እንዳልባል ነው። እኔ የደበቅኩት ነገር የለም። ሲደበቅብኝ የኖርኩት እኔ ነኝ።

ለማታውቁን ባጭሩ ላስረዳ። ታላቅ ወንድሜ ታደሰ በወጣትነቱ ቢሾፍቱ የአውሮፕላን መካኒክ ነበር። የሚሠራው የአንበጣና የጥጥ ተባይ መድኃኒት ከአየር ላይ በሚረጭ አንድ የውጭ ኩባንያ ውስጥ ነው። አብራሪው ፖላንዳዊ ነበር፤ ስሙ ስታኒስላቭ፣ የግቢው ሰው ግን ካፒቴን ስታሽ ነው የሚለው። በዓለም ጦርነት ጊዜ የጀርመንን አውሮፕላኖች ሲያሳድድ የኖረ ተዋጊ ነው ይባል ነበር። ከየበረራው በፊት ከታንኩ ሥር ትንሽ ቤንዚን በብርጭቆ ቀድቶ ወደ ብርሃን ያነሣል። ውሃ ከገባበት ከሥር እንደ ዶቃ ይቀመጣል። ይህን ሳያይ አይነሣም፤ የግቢው ልጅ ሁሉ ያውቃል።

አንድ የጥምቀት ማግስት ግን ሳያይ ተነሣ። ሞተሩ አየር ላይ ጠፋ፣ አውሮፕላኑ የታጨደ የጤፍ ማሳ ላይ ወድቆ ተቃጠለ። ወንድሜ ታንኩን የሞላበት ጀሪካን ውስጥ የቀረው ቤንዚን ሲመረመር ውሃ ተገኘበት። ካፒቴኑ እግሩ ተሰባብሮ ከአገር ወጣ። ወንድሜ ተባረረ፤ ሁለተኛ አውሮፕላን እንዳይነካ ተደረገ። የኩባንያውን ቤት በሳምንት ውስጥ ለቀቅን። ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ከትምህርት ቤት ወጣሁ፣ በአሥራ አምስት ዓመቴ ለማላውቀው ሰው ተዳርኩ። ስለዚያ ሰው እዚህ አልጽፍም፤ ሞቷል፣ ይበቃዋል።

ለዚህ ሁሉ ተጠያቂው አንድ ሰው ነው ብዬ ስድሳ ዓመት ኖርኩ። ማየት የነበረበት እሱ፣ ያላየው እሱ፣ የተቀጣው ግን ወንድሜ።

ባለፈው ዓመት የወንድሜ ልጅ ምሕረት ከሚኒሶታ ደወለች። ከአራት ዓመት ዝምታ በኋላ መሆኑን ልብ በሉልኝ። ሃሊና የምትባል አንዲት ሴት ኢንተርኔት ላይ አሮጌ ፎቶግራፍ ለጥፋ፣ «ከአባቴ ጎን የቆመውን ወጣት የሚያውቅ አለ?» ብላ ጠይቃለች። ወጣቱ ታደሰ ነው። ሴትዮዋ የካፒቴን ስታሽ ልጅ ናት፤ አባቷ ሞቷል፤ ቤተ ክርስቲያናቸው አዳራሽ ውስጥ ስለ ሕይወቱ ትርዒት ልታዘጋጅ ነው፤ የበረራ ደብተሩም እጇ ላይ ነው። ታደሰ እንዲመጣላት ለመነች። የታደሰ ዓይን ግን ከጠፋ ሁለት ዓመት አልፎታል።

«እኔ እሄዳለሁ» አልኩ።

«አትሂጂ» አለ ታደሰ።

ምክንያቱን ጠየቅኩት፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እኔ የፈለግኩት አንድ ነገር ነው። ከደብተሩ ውስጥ «ጥፋቱ የእኔ ነው» የሚለውን ቃል አግኝቼ፣ ሰው ፊት አስነብቤ፣ ወንድሜ በሕይወት ሳለ ይዤለት መመለስ።

ረቡዕ

ቦሌ ፍተሻ ላይ ተያዝኩ። ለምሕረት አንድ ጠርሙስ ጠበል ይዤ ነበር። ፈታሿ ከቦርሳዬ አውጥታ፣ «እማማ፣ ይሄ አያልፍም። እዚያ ይድፉት» ብላ የቆሻሻውን በርሜል አሳየችኝ።

«ጠበል ነው።»

«ገብቶኛል እማማ፤ ግን ፈሳሽ ነው።»

«ታዲያ ጠበል ቆሻሻ ላይ ይደፋል? አንቺን እናት አላሳደገችሽም?»

እናቴ ያስተማረችኝ ይህን ነው። የተረፈ ጠበል ወይ ይጠጣል፣ ወይ ንጹሕ ዕቃ ውስጥ ይገለበጣል እንጂ እግር የሚረግጠው ቦታ አይፈስም። ሰልፉ ከኋላዬ ማጉረምረም ጀመረ። አንዱ ጎረምሳ፣ «ይጠጡትና ይለፉ በቃ!» ብሎ ቀለደ። እኔ ግን ጠርሙሱን ከፍቼ ቆሜ ጠጣሁት።  መጨረሻ ላይ ትንሽ ስትቀር ፈታሿ ግራ ቀኝ አይታ አንገቷን ዝቅ አደረገች። «እሷን እንኳ ለእኔ» አለች። ረጨኋት።

ያን ሁሉ ውሃ ጠጥቶ የአሥራ ምናምን ሰዓት በረራ ምን እንደሚመስል አልዘረዝርም። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው አሥር ጊዜ ያህል ተነሥቶ አሳለፈኝ፤ በመጨረሻ ቦታ ቀየረኝ። እግዜር ይስጠው። ለመቀመጥስ መች ተቀመጥኩ።

ሐሙስ

ከዋሽንግተን ሌላ አውሮፕላን ተሳፍሬ ሚኒያፖሊስ ገባሁ። ምሕረት ወፍራም ጃኬት ይዛ ጠበቀችኝ። የመኪና ማቆሚያው ዳር ላይ በረዶ ተቆልሎ ጠቁሯል፤ ከሩቅ ስታዩት ከሲሚንቶ ፋብሪካ የወጣ ክምር ይመስላል። ከአየር ላይ ሐይቅ ብቻ ነው የሚታየው። በቢሾፍቱ ሐይቆች ስንኮራ ኖረን! እዚህ ሐይቅ በየሰፈሩ እንደ ኩሬ ተበትኗል፤ ዞር ብሎ የሚያየውም የለም።

የምሕረት ቤት ሴንት ሉዊስ ፓርክ የሚባል ሰፈር ነው፤ ሁለተኛ ፎቅ። ንጹሕ ነው። በጣም ይሞቃል። ልጇ ከክፍሏ ወጥታ «ሃይ» ብላኝ ተመለሰች። እራት በዘይት የተሠራ ፓስታ ነበር፤ ሁዳዴ መሆኑን አልረሳችም፤ ይህን አመሰግናለሁ።

«አክስቴ፣ ነገ ሺፍት አለኝ፤ ሥራዬ ሻኮፒ የሚባል ከተማ ነው፣ ሩቅ ነው። ቅዳሜ ኦፍ ነኝ፤ ያኔ ሃሊና ጋ ድራይቭ አድርጌ እወስድሻለሁ።»

«ቅዳሜ?»

«ስድሳ ዓመት ጠብቀሽ ሁለት ቀን አትጠብቂም?»

ይህን ያለችው በቀልድ ነው። አልሳቅኩም።

ዓርብ

ጧት ምሕረት ሥራ፣ ልጇ ትምህርት ቤት ከሄዱ በኋላ ቤት ውስጥ ተመላለስኩ። ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት። ቦርሳዬን ከክንዴ አላወጣሁም። በመጨረሻ አየር ልቀበል ብዬ በነጠላ ጫማ ወደ ደጅ ወረድኩ። እኛ አገር በር የሚቆለፈው ሰው ሲቆልፈው ነው። የእነሱ ራሱን ይቆልፋል፤ ውጭ ቀረሁ። ምሕረት ደግሞ ሥራ ስትገባ ስልኳን ሳጥን ውስጥ ነው የምታስቀምጠው።

አንድ ስድሳ ዓመት የሚሆነው ሰው ከመኪናው መስታወት ላይ በረዶ ይፍቃል። አየኝ፣ እግሬን አየ።

«እናቴ! በነጠላ ጫማ በረዶ ላይ?»

በአነጋገሩ የእኛ አካባቢ ሰው መሆኑን አወቅኩ። ገመቹ ይባላል፤ የአዱላላ ልጅ፤ ከቢሾፍቱ ደርሶ መልስ የምንሄድበት አገር። ታክሲ ነጂ ነው። በሩ እንደተቆለፈብኝ ነገርኩት።

«ቤተኞቹ እስኪመጡ ቆመው ሊጠብቁ ነው? ይግቡ፣ ሂተር ላብራልዎ።»

የሃሊና አድራሻ የተጻፈበትን ወረቀት ከቦርሳዬ አውጥቼ፣ «ዌስት ሴንት ፖልን ያውቁታል?» አልኩት።

«ሃያ ዓመት ታክሲ ድራይቭ አድርጌ ዌስት ሴንት ፖል ይጠፋኛል? ለዘመድ ነው?»

«ለዘመድ አይደለም።»

ፊቴን አይቶ ሌላ አልጠየቀም። ከመኪናው ኋላ ወፍራም የሱፍ ካልሲ አውጥቶ ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ። ትልቁን ወንዝ ተሻግረን፣ ሮበርት ስትሪት የሚሉትን የሱቅ ጎዳና ይዘን፣ አንዲት ትንሽ የእንጨት ቤት ደጃፍ አቆመኝ። በሩ እስኪከፈት ሞተሩን ሳያጠፋ ጠበቀ። ስድሳ ዓመት ያቀድኩትን ጉብኝት በማላውቀው ሰው ካልሲ ጀመርኩት።

ሃሊና ረጅም፣ ሸበቶ፣ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። ማን እንደሆንኩ ስነግራት ያልተጠበቀ እንግዳ ነሽ አላለችም፤ እጄን በሁለት እጇ ያዘች። እንግሊዝኛዬ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር አንድ ሆቴል ውስጥ ሃያ ዓመት ሳህን አጥቤ የተማርኩት ነው፤ ለጠብም ለምስጋናም ይበቃል።

ወዲያው ምግብ አቀረበች። ፒየሮጊ ይሉታል፤ ሊጥ ውስጥ ድንች ተጠቅልሎ ተቀቅሎ በቅቤ የተጠበሰ፤ ውስጡ ደግሞ አይብ አለበት።

«ጾም ላይ ነኝ» አልኳት።

«እኛም ጾም ላይ ነን! ሥጋ የለውም» አለች ደስ ብሏት።

የእነሱ ጾም አይብም ቅቤም ይበላበታል። ስነግራት ጭንቅላቷን ይዛ ሳቀች፤ ሳህኑን አንሥታ፣ ጎመንና እንጉዳይ አውጥታ፣ ሊጡን ከመጀመሪያው ማቡካት ጀመረች። ለጠብ የመጣሁባት ሴት እስከ ክርኗ ዱቄት ለብሳ ቆማ አባቷን ታወራልኛለች።

አገሩ ሲወረር በሩማንያ አቋርጦ ፈረንሳይ፣ ከፈረንሳይ እንግሊዝ ገባ። ከእንግሊዞች ጋር በረረ፤ ሁለት ጊዜ ተመትቶ ወረደ፤ ቀኝ እጁ ተቃጠለ። ጦርነቱን አሸነፉ። አገሩን ግን ሌላ መንግሥት ያዘው፤ እንደሱ ያለው ሰው ቢመለስ የሚጠብቀው እስር ቤት ነው። አሸናፊው ለንደን ውስጥ የሆቴል ሳህን አጣቢ ሆነ። ከዚያ ኢትዮጵያ። ከዚያ በምርኩዝ ሴንት ፖል፣ አጎቱ ዘንድ። እዚህ አግብቶ፣ ሃሊናን ወልዶ፣ ጡረታ እስኪወጣ የትምህርት ቤት ማሞቂያ ሲጠብቅ ኖረ። ሁለተኛ አልበረረም። እሑድ እሑድ ግን በአውቶቡስ አውሮፕላን ማረፊያው አጥር ድረስ ሄዶ ሲነሡ ያይ ነበር።

ሳህን ማጠቡ ገባኝ። አላዘንኩለትም።

ለትርዒቱ የተዘጋጀው ዕቃ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ተደርድሯል። ፎቶግራፎች፣ ሜዳሊያ፣ ደብተሩ። አንዲት ወፍራም ብርጭቆም አለች፤ ሥሯ ባለች ወረቀት ላይ «የአባባ የቮድካ ብርጭቆ» ተብሎ ተጽፏል። አወቅኳት። ከንፈሯ ላይ ያለችው ስንጥር እንኳ አልጠፋችብኝም።

«ይህ የቮድካ አይደለም» አልኳት። «የቤንዚን ነው። ከመብረሩ በፊት ውሃ እንዳለበት የሚያይባት ናት። አንድ ቀን ሳያይባት ቀረ፤ ከዚያ ወንድሜን አስቀጣው።»

ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ቤታችን፣ ስለ ትምህርቴ፣ ስለ ትዳሬ። እጇን ከሊጡ ላይ አንሥታ ሰማችኝ። ስጨርስ ያልጠበቅኩትን ነገር ጠየቀችኝ።

«ታደሰ ስንት እህት አለው?»

«እኔን ብቻ።»

«በዚያ ጊዜ ስንት ዓመትዎ ነበር?»

«ዘጠኝ። ምን ያደርጋል?»

 ሄዳ የብርጭቋን ጽሑፍ ቀደደች፣ አዲስ ጻፈች። ደብተሩን አንሥታ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። «እሱን ከእሑዱ ትርዒት በኋላ ሁለታችን ብቻ እናነበዋለን» አለች።

ያዝኩሽ አልኩ በልቤ። የአባትሽን ስም እየጠበቅሽ ነው። ፒየሮጊውን ግን በላሁ። ጥሩ ነበር፤ ለእውነት ስል ነው የምጽፈው።

ቅዳሜ

ምሕረት ሳልነግራት በመሄዴ ተቆጥታለች። ልታረጋጋኝ ሐይቅ ዳር ወሰደችኝ። ጠርዙ ላይ ያለው በረዶ እየቀለጠ እንደ መስታወት ይሰባበራል። እሷ መቀመጥ ትፈልጋለች፣ እኔ መራመድ።

«አክስቴ፣ ሴትዮዋ ናይስ ናት። ነገ ሲን እንዳትፈጥሪ ፕሊስ።»

«ሲን ምንድን ነው?»

«ሰው ፊት ጩኸት።»

«አባትሽ ሰው ፊት ነው የተዋረደው።»

«አባዬ እኮ አንድ ቀን አማሮ አያውቅም! የምታማርሪው አንቺ ነሽ።»

እንዲህ አለችኝ፤ ያውም በእኔ እጅ ያደገች ልጅ። ስልክ ደውይልኝ አልኳትና ታደሰን አገኘሁት።

«ደብተሩን አግኝቼዋለሁ» አልኩት።

 «አነበብሽው?»

«ነገ አስነብበዋለሁ።»

«ተዪው የሹ።»

«ለማን ብዬ ነው የምተወው?»

«ተዪው አልኩሽ። እኔ አልላክሁሽም» ብሎ ስልኩን ዘጋ። ታደሰ ስልክ ዘግቶብኝ አያውቅም።

እሑድ

አዳራሹ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ነው። ከቅዳሴያቸው በኋላ አርባ የሚሆኑ ሰዎች ወረዱ፤ አብዛኞቹ በእኔ ዕድሜ። የቀይ ሥር ሾርባ በየሳህኑ ዞረ። ሃሊና የእኔን ለብቻው፣ ያለ ክሬም አዘጋጅታ «የጾም» ብላ በወረቀት ምልክት አድርጋበታለች። ግድግዳው ላይ ካፒቴን ስታሽ ከአውሮፕላን ክንፍ ላይ ተቀምጦ ይስቃል። ከዚያ ታደሰ፣ ሃያ ሦስት ዓመቱ፣ ዘይት የነካው እጁን ከኋላው ደብቆ። ያን ያህል መልከ መልካም መሆኑን ረስቼው ነበር።

ሃሊና ንግግሯን ስትጨርስ ብድግ አልኩ።

«ከቢሾፍቱ ነው የመጣሁት» አልኩ። «የመካኒኩ እህት ነኝ። የደብተሩ የመጨረሻ ገጽ እዚህ፣ ሁላችሁም ፊት እንዲነበብልኝ እፈልጋለሁ።»

ማንኪያዎች ቆሙ። ምሕረት ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ሃሊና ደብተሩን ከቦርሳዋ አወጣችና ክንዴን ይዛ ወደ አዳራሹ ወጥ ቤት ወሰደችኝ፤ በሩን ዘጋች።

«መጀመሪያ እርስዎ ይስሙት» አለች። «ከዚያ ለሰው ይነበብ ካሉ እኔ ራሴ አነባለሁ። ቃሌ ነው።»

በፖላንድኛ የተጻፈውን ቀስ እያለች ወደ እንግሊዝኛ መለሰችልኝ። እኔ ደግሞ እንደሚከተለው በአማርኛ አስቀምጬዋለሁ።

«ብርጭቆውን አልተጠቀምኩም። በዋዜማው እናቴ መሞቷን የሚገልጽ ደብዳቤ ደርሶኝ ነበር፤ ጧት እጄ ወደ ብርጭቆው አልሄደም። ታደሰ ሆስፒታል መጥቶ ነገረኝ። ታናሽ እህቱ ከበዓሉ ያመጣችውን የተባረከ ውሃ ቤቱን ሁሉ ረጭታ፣ የተረፈውን መሬት ላይ ላለማፍሰስ ቤታቸው ያደረው የእኔ ጀሪካን ውስጥ ገልብጣዋለች። ለአውሮፕላኑም በረከት ይሁን ብላ። በወደቅኩ ዕለት ማታ፣ ነገሩ ሳይገባት፣ በደስታ ነግራዋለች። ልጅቷ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ስሟ እንዳይነሣ ተስማማን። እኔ ሳላይ ተነሣሁ ብዬ ቃል ሰጠሁ፤ እሱ ጀሪካኑን ሳልከድን አደርኩ ብሎ ቃል ሰጠ። ከሁለታችን እሱን ማመን ቀለላቸው።»

ጣሳዋን አስታወስኳት። ሰማያዊ፣ ጆሮዋ የተሰበረ። እናቴ «የወንድምሽንም ዕቃ አትርሺ» ያለችኝን አስታወስኩ። የጀሪካኑን ክዳን ስጠመዝዝ መዳፌን እንዳመመኝ ሁሉ አስታወስኩ። ለአንድ ቀን እንኳ ረስቼው አላውቅም ነበር እኮ፤ ከዚያ አውሮፕላን ጋር ግን አገናኝቼው አላውቅም።

«ላንብበው?» አለች ሃሊና።

«የለም።»

ገንዳው ውስጥ የሾርባ ሳህን ተከምሯል። እጅጌዬን ሰብስቤ ማጠብ ጀመርኩ። እጄ ምንም ካልያዘ የት እንደማደርሰው አላወቅኩም። ሃሊና ፎጣ አንሥታ አጠገቤ ቆመች፤ እኔ አጥባለሁ፣ እሷ ታደርቃለች።

«ልጅ ሳለሁ አባቴን ጠይቄው ነበር» አለች በመጨረሻ። «ያቺ ልጅ አወቀች ወይ? አልኩት። እንዳላወቀች ተስፋ አደርጋለሁ አለኝ።»

አርባ ሳህን አጠብኩ። ከወጣን በኋላ ምሕረት ምን ተነበበ ብላ ብትጠይቀኝ፣ «የአባትሽ እጅ ሁልጊዜ ቆሻሻ ነበር ይላል» አልኳት።

ማክሰኞ

ለሁለት ሳምንት የተቆረጠውን ቲኬት አስለወጥኩ። ምሕረት አለቀሰች፤ እኔም ከልጇ ጋር ሦስት ቃል ተነጋገርኩ፣ ለመሰናበቻ። ገመቹ አውሮፕላን ማረፊያ አደረሰኝ፤ ካልሲውን ልመልስለት ስል «አዱላላ ላይ ይመልሱልኛል» አለ። ሃሊና እዚያው መግቢያው በር ላይ ደርሳ ብርጭቋን በፎጣ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ፍተሻው ላይ ሰውየው ወደ መብራቱ አንሥቶ አያት። ባዶ ነበረች፤ አለፈች።

ሐሙስ

ቢሾፍቱ ስደርስ ታደሰ በረንዳ ላይ ተቀምጧል። በኮቴዬ አወቀኝ። ሰላም ሳልለው ጀመርኩ።

«ስድሳ ዓመት ሙሉ ሰውየውን ስረግመው እየሰማህ ዝም ትላለህ?»

«አነበብሽው ማለት ነው።»

«ያ ሁሉ እርግማን!»

«እሱ ሩቅ ነበር የሹ፤ እርግማንሽ አይደርስበትም። አንቺ ግን ቅርብ ነበርሽ።»

«የተዳርኩ ዕለት እንኳ አልነገርከኝም። ከትምህርት ቤት ስታስወጡኝ እንኳ። ማወቅ መብቴ አልነበረም?»

«ነበር» አለ። ይቅርታ አልጠየቀኝም። እኔም ይቅር አላልኩትም። ይህን ስጽፍም ገና አላልኩትም፤ እሱም ያውቃል።

የጠበሉ ሰዓት ግን ደርሶ ነበር። ለዓይኑ ብሎ በየቀኑ አምስት ሰዓት ላይ ይጠጣል፤ የምቀዳለት እኔ ነኝ። ብርጭቋን ከፎጣው ፈትቼ፣ አጥቤ፣ ሞልቼ እጁ ላይ አስያዝኩት። ጣቱ ከንፈሯን ዞረ። ስንጥሯ ጋ ሲደርስ ቆመ።

 ክንዱን ዘርግቶ ብርጭቋን ወደ ፀሐይ አነሣት። ጠበቀ፤ ድሮ ቤንዚኑ ውስጥ ውሃ ካለ እስኪዘቅጥ ይጠብቁት የነበረውን ያህል። ዓይኑ ብርሃንና ጨለማ እንኳ እንደማይለይ ሁለታችንም እናውቃለን።

«ንጹሕ ነው» አለና ጠጣው።